ፋርማሲ ተመደብኩ፤ ከታካሚ ጋር እሠራለሁ ወይስ መስኮት ላይ እቆማለሁ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ፋርማሲ ተመደብኩ። እኔ የፈለግኩት ሕክምና ነበር። አባቴ ‹ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መድኃኒት ቤት ልትቆሚ ነው?› ይለኛል። ክሊኒካል ፋርማሲስት የሚባል እንዳለ ሰምቻለሁ። እውነት ከታካሚ ጋር ይሠራል? ከሆነስ ከአሁኑ ምን ላድርግ? የሥራውንም ነገር ሳይደብቁ ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ፋርማሲ ደረሳቸው ተብሎ ያለቀሱ ልጆች አውቃለሁ። ከእነሱ መካከል ዛሬ ታካሚዎች በሚተኙበት ዋርድ ውስጥ ሐኪሙ «እስቲ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብሎ አፍ አፋቸውን የሚያያቸው አሉ። ግን መጀመሪያ የአባትሽን ጥያቄ ልመልስ። ከልብ የመጣ ጥያቄ ነው።

አባትሽ ያዩት ፋርማሲስት ከመስኮት ጀርባ ያለውን ነው። ማዘዣ ይቀበላል፣ ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ይላል፣ ቀጣዩን ይጠራል። ትምህርቱም ለረጅም ጊዜ ወደዚያው ያደላ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ፋርማሲ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተማሪው በብዛት የሚማረው ስለ መድኃኒቱ ነበር። እንዴት ይሠራል፣ ኬሚስትሪው ምንድን ነው፣ በምን ይበላሻል። መድኃኒቱን ስለሚውጠው ሰው የሚማረው ግን ጥቂት ነበር። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሥርዓተ ትምህርቱ ተከለሰ። አራት የነበረው አምስት ዓመት ሆነ፤ ታካሚው ወደ መሐል መጣ። ተማሪው በመጨረሻው ዓመት ከክፍል ወጥቶ አልጋ አጠገብ መቆም ጀመረ። አንቺ የምትገቢው እዚህ ውስጥ ነው።

ይህ ለውጥ ለምን እንዳስፈለገ በአንድ ሰው ልንገርሽ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው፤ ሁዳዴ ገብቷል። በርኖስ የደረቡ አንድ አባት ከደጋ ወርደው ወደ መስኮቴ መጡ። የስኳር ሕመም አለባቸው። ማዘዣው ግሊቤንክላሚድ ይላል። «ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ቁርስ ሲበሉ» አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቀጣዩን ጠራሁ።

በአራተኛው ቀን በሰው ተደግፈው ተመለሱ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንደበታቸው ተሳስሯል። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጣቸውና ነቁ። የዚህ መድኃኒት ጉልበት ቶሎ ስለማያልቅ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ተኝተው አደሩ። ማታ አጠገባቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ቁርስ የሚባል ነገር በቤታቸው የለም። «ጠዋት ብለሽኝ የለ?» አሉኝ። ትእዛዜን አክብረው ኪኒኗን በአንድ ጉንጭ ውኃ ይውጣሉ፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።

ማዘዣው ትክክል ነበር። መጠኑ ትክክል ነበር። ከመደርደሪያ ያወረድኩትም ትክክለኛው መድኃኒት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሁዳዴ ለአንድ ኦርቶዶክስ አባት የስኳር ኪኒን ስሰጥ «ይጾማሉ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም። በማግስቱ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ስኳርን በድንገት ወደማያወርደው ሜትፎርሚን ቀየርነው። መውሰጃውም ከዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ ጋር ሆነ። ንስሐ አባታቸውንም እንዲያማክሩ ነገርናቸው።

ክሊኒካል ፋርማሲ የምልሽ «ይጾማሉ ወይ?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ተማሪ ዋርድ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ መዞር ይመስለዋል። ዋርድ ቦታው ነው። ሥራው ግን መድኃኒቱ በዚህ ሰው ላይ፣ በዚህ ኑሮው፣ በዚህ ኩላሊቱ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅና ለመልሱ ኃላፊነት መውሰድ ነው። መስኮት ላይ ሆኖም ይሠራል። አባትሽ «መድኃኒት ቤት ልትቆሚ ነው?» ሲሉሽ «አዎ አባዬ፣ ግን እየጠየቅኩ ነው የምቆመው» በያቸው።

አሁን ወደ ዋርዱ ልውሰድሽ። ክሊኒካል ፋርማሲስት ሐኪሞቹ ታካሚዎችን በየአልጋው ከሚያዩበት ራውንድ በፊት ይገባል። ካርዱን ያነባል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ያያል። ከዚያ ወደ ታካሚው ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ የምለው «እናቴ፣ ያንን ፌስታል እስቲ ይዘርግፉልኝ» ነው። ከፌስታሉ የማይወጣ ነገር የለም። ከሁለት ሆስፒታል የተሰጠ አንድ ዓይነት የደም ግፊት ኪኒን በሁለት ስም ይወጣል። የጎረቤት አሞክሳሲሊን ይወጣል። ፌጦና ዳማከሴም ይወጣል። ካርዱ ላይ ግን «ምንም መድኃኒት አይወስዱም» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያገኘ ፋርማሲስት ከራውንድ በፊት ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

ከዚያ ሂሳብ አለ። ሕክምና ፈልገሽ ስለነበር ይህን ትወጂዋለሽ ብዬ አምናለሁ። አንዲት የ70 ዓመት እናት ተኝተዋል እንበል። ክብደታቸው 45 ኪሎ ነው። የኩላሊት ምርመራቸው ክሪያቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም ማጣራት ያለበት ቆሻሻ፣ 1.5 ይላል። ለሚያልፍ ሰው «ትንሽ ከፍ ብሏል» የሚባል ቁጥር ነው። አንቺ ግን ወረቀት አውጥተሽ ኩላሊታቸው በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ በቀመር ታሰሊያለሽ። ከ140 ላይ ዕድሜያቸውን ትቀንሻለሽ፣ 70 ይቀራል። በክብደታቸው ስታባዢው 3150 ይሆናል። በቀመሩ ያለውን 72 በ1.5 አባዝተሽ 108 ታገኛለሽ፤ 3150ን በእሱ ስታካፍይ ወደ 29 ይመጣል። ሴት ስለሆኑ በ0.85 ታባዢዋለሽ። መልሱ 25 ሚሊ ሊትር በደቂቃ አካባቢ ነው። የጤነኛ ወጣት ኩላሊት 100 አካባቢና ከዚያም በላይ ያጣራል። እኚህ እናት ያላቸው የዚያ ሩብ ነው። ጄንታማይሲን የሚባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ በየቀኑ በሙሉ መጠን ታዞላቸው ከሆነ መድኃኒቱ በሰውነታቸው ይከማቻል። የቀረውን ኩላሊት ይጎዳል፤ ጆሯቸውንም ሊያደነቁር ይችላል።

ይህን ለሐኪሙ እንዴት ትነግሪያለሽ? ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «ዶክተር፣ ተሳስተዋል» አይባልም። «ጄንታማይሲኑ ቢታሰብበት» ማለትም ምንም አይጠቅም። ቁጥር ይዘሽ፣ አማራጭ ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። «ዶክተር፣ የአልጋ ስድስት እናት ኩላሊታቸው የሚያጣራው 25 አካባቢ ነው። የመርፌውን ልዩነት ብናሰፋው፣ ወይም ኩላሊት የማይነካ ሌላ ብንመርጥ? ስቶር ውስጥ ሴፍትሪያክሶን አለ።» በዚህ መልክ የቀረበን ሐሳብ የገፋ ሐኪም ብዙ አላጋጠመኝም። ከተገፋም በትሕትና ደግመሽ ታነሺዋለሽ፣ ካርዱ ላይም ትጽፊዋለሽ። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ሲስተሮቹን ደግሞ ያዣቸው። መርፌውን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ታካሚው ሌሊት ምን እንዳለ፣ የትኛውን ኪኒን ትራስ ሥር እንደደበቀ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሌላው የክሊኒካል ሥራ ከታካሚው ጋር መነጋገር ነው። ይህ በክፍል ውስጥ የሚናቅ፣ ሥራ ላይ ግን ሕይወት የሚያድን ነገር ነው። «ገባዎት?» ብለሽ አትጠይቂ። የእኛ ሰው ባይገባውም «አዎ» ይልሻል፤ አንቺን ላለማሳፈር። «እስቲ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ይነግሩታል?» በያቸው። ያን ጊዜ የቀረው ነገር በራሱ ይወጣል። የቲቢ መድኃኒት የጀመረችን ሴት ሪፋምፒሲን ሽንቷን ወደ ቀይ ብርቱካናማ እንደሚቀይረው ካልነገርሻት፣ ደም መስሏት በሁለተኛው ቀን ትተወዋለች። የምትወስደውን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ሊያዳክመው እንደሚችልም ካልነገርሻት ሳታስበው ታረግዛለች። ሁለቱም ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈጁት።

አንቺ የሰሜን ሸዋ ልጅ መሆንሽ ደግሞ ሀብት ነው። ይህን ለማጽናናት ብዬ አልነግርሽም። ዞናችን በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ከውርጭ ወደ በረሃ የሚወርድ አገር ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ በሽታውም ይቀየራል። የደጋው ገበሬ ለቀን ሥራ ቆላ ይወርዳል፣ ወባ ይዞ ይመለሳል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፤ ከወራት በኋላ ይቀሰቀሳል። ክሎሮኪን ትኩሳቱን በሦስት ቀን ያጠፋዋል። የተደበቀውን የሚያወጣው ግን ፕሪማኪን ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ድኗል፤ የቀረውን ለምን ይውጠው? ይህን የማስረዳት ሥራ የአንቺ ነው። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ፣ አንዳንድ ሰው ላይም ቀይ የደም ሕዋስን እንደሚያፈርስ ማወቅም የአንቺ ነው።

ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ደግሞ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው በደንብ ወደ ደም የሚገባው። መጽሐፉ ወተት ይልሻል። በጾም ወተት የለም። «ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ፣ ወይም ለውዝ» ማለት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። የቆላው ሰው ከሙቀት መጠበቅ አለበት፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ገንቦ ይረዳል። የመንዝ ሰው ግን ሌላ ጠላት አለበት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ኢንሱሊኑን ካቀዘቀዘው፣ በረዶ ሠርቶ ከቀለጠ፣ መጣል አለበት። መልኩ ደህና ቢመስልም ጉልበቱን አጥቷል። መስኮት ሥር አታስቀምጡት ማለት አለብሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች አሉ። በአገራችን የቁርጥማት የልብ ሕመም ብዙ ወጣት ይይዛል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ያዳክመዋል። ጾም ሲገባ ማዕዱ በአንዴ ጎመን በጎመን ይሆናል፤ የደማቸው መቅጠኛ ልኬት ይወርዳል። ጎመን አትብሉ አይባልም። በጾምም በፍስክም መጠኑን አንድ ዓይነት አድርጉ፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ ተመርመሩ ይባላል። ይህ ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ውስጥ በዚህ መልክ ተጽፎ አታገኚውም።

ጠበልም አለ። ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ቤት ትተው ይሄዳሉ። የኤች አይ ቪ፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ መድኃኒት ሲቋረጥ የሚመጣውን ትማሪዋለሽ። እባክሽ እምነታቸውን አትንኪ። «ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ኪኒኑንም ይዘው ይሂዱ» በያቸው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። የሚቆዩበትን ቀን ቆጥረሽ የሚበቃቸውን ስጪያቸው። ቤተሰብ ካለ ስልክ ያዢ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ፊዚዮሎጂና ፋርማኮሎጂ መሠረትሽ ናቸው። ፋርማኮኪኔቲክስ የሚባለውን፣ መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዴት ገብቶ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሰላውን ትምህርት፣ ብዙ ተማሪ በቀመሩ ምክንያት ይፈራዋል። ከላይ ያየሽው የኩላሊት ሂሳብ የዚያ ልጅ ነው፤ በእጅሽ ስሪው። ከዕፅዋት ስለሚገኙ መድኃኒቶች የሚያስተምረው ፋርማኮግኖሲ ላይ ስትደርሺ የምታውቂውን ኮሶ ክፍል ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ደስ ይልሻል። አቅርቦትና ስቶር አስተዳደር አሰልቺ ነው ይባላል። እኔ አልስማማም። ያለቀበትን መድኃኒት የማያውቅ ክሊኒካል ፋርማሲስት ዋርድ ላይ የሌለ ነገር ይመክራል፤ ታካሚው የጤና መድን ካርዱን ይዞ ከሆስፒታሉ ውጭ በራሱ ኪስ ለመግዛት ይንከራተታል።

የመጨረሻው ዓመት በየዋርዱ የምትዞሪበት ነው። ውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ማህፀንና ጽንስ። እዚህ ላይ በጣም አደራ እልሻለሁ። ፊርማ ለማስሞላት የሚዞር ተማሪ አለ። ከራውንዱ ጀርባ ቆሞ ስልኩን ያያል፣ ማንም አይጠይቀውም። አንቺ በየቀኑ አንድ ታካሚ ያዢ። አንድ ብቻ። መድኃኒቶቹን በሙሉ ጻፊ፤ እያንዳንዱን ለምን እንደሚወስደው ጠይቂ። የማያስፈልግ አለ? የጎደለ አለ? መጠኑ ያንሳል ወይስ ይበዛል? የማይሠራ አለ? የጎዳው አለ? በትክክል እየወሰደው ነው? ዓመቱ ሲያልቅ መቶዎችን አይተሻል። የጎዳ መድኃኒት ካገኘሽ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከውን ቢጫውን ቅጽ መሙላት ከዚያው ተለማመጂ።

የምትማሪበት የጤና ሳይንስ ካምፓስ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ ነው። ታላቅ ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ ሐኪሞችንም አስተምረዋል።

ስትጨርሺ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም ትምህርት ክፍል ይሰጣል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ። ሁለቱም ታካሚን የሚመለከት ጥያቄ አላቸው። አምስተኛው ዓመት ላይ በአግባቡ የሠራ ሰው በዚያ በኩል አይቸገርም።

ሥራውን ሳትደብቁ ንገሩኝ ብለሻል። ቅጥር እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ተመራቂው ተመድቦ ይሄድ ነበር። አሁን ማስታወቂያ ጠብቀሽ ትወዳደሪያለሽ፤ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። የመንግሥት ደሞዝ ደግሞ ኑሮውን በቀላሉ አይሸፍንም። ብዙ ፋርማሲስት ቀን ሆስፒታል፣ ማታ የግል መድኃኒት ቤት ይሠራል። የግሉ ቤት ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ገንዘቡ እውነት ነው። ግን ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ሽጪ የሚል ጫና ይመጣብሻል። እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ በተለይ አከራይሽም፣ ባለቤቱም፣ ገዢውም የሚያውቅሽ ትንሽ ከተማ ላይ። ከመቀጠርሽ በፊት ባለቤቱን በግልጽ አናግሪው። የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት፣ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን፣ ፋብሪካዎችም ይቀጥራሉ፤ መልካም ሥራ ነው፣ ከታካሚ ግን ይርቃል።

ክሊኒካል የሚለውን መንገድ በሙሉ ልብ ከፈለግሽ ሁለተኛ ዲግሪ አለ። ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። ግን ቶሎ አትሂጂ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ዓመት ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሥሪ። ዓለም ከተማም ይሁን፣ ሞላሌም ይሁን፣ አጣዬም ይሁን። ጤና ጣቢያ ላይ ፋርማሲስቱ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ስቶሩም፣ መስኮቱም፣ ምክሩም በእሱ ላይ ነው። ስህተትሽን በቶሎ የምታዪበት ቦታ ነው። ታካሚው ነገ ገበያ ላይ ያገኝሻልና።

ሕክምና አለመድረሱ የሚያምሽ ከሆነ ይመምሽ፤ ነውር የለበትም። ሐኪሙ በሽታውን ሲፈልግ አንቺ የምትፈልጊው መድኃኒቱ የሚያመጣውን ነው። ሁለታችሁም የምትመለከቱት ያንኑ ታካሚ ነው።

ትምህርት እስኪጀመር መሐል ሜዳ ከሆንሽ አንድ ሥራ ልስጥሽ። አያትሽ ወይም አንድ ጎረቤት የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስዱ ካሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ፌስታሉን አስዘርግፊ። የእያንዳንዱን ስም ጻፊ፣ ለምን እንደሚወስዱት፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስዱት፣ በጾም ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂ። ምንም አትምከሪ፣ ምንም አትቀይሪ፤ አሁን ጆሮሽ ብቻ ይሥራ። አባትሽም ቢያዩሽ ጥሩ ነው። ያገኘሽውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ስማቸውን ግን አትጻፊው።